ማገር፣ አርማታ፣ እድሳት፦ ነባር ቤትን ከመንቀጥቀጥና ከብርድ የመጠበቅ ታሪክ በአማርኛ የቤት ቃላት

1. ሁለት መንቀጥቀጥ፣ አንድ ግስ

አማርኛ ለመሬትና ለሰው አንድ ግስ ይጠቀማል። ምድር ስትናወጥ ተንቀጠቀጠች ይባላል፤ ሰው በብርድ ሲያዝም ተንቀጠቀጠ ይባላል። ግሱ ድግግሞሽን በቅርጹ የያዘ ነው። ቀና ጠ የሚሉት ተነባቢዎች ይደገማሉ፤ ከፊታቸውም ን ይገባል። ተንገዳገደ፣ ተንጠባጠበ፣ ተንቀሳቀሰ የሚሉት ግሶችም በዚሁ ቅርጽ ይሄዳሉ። ግዕዝም ለምድር መናወጥ ድልቅልቅ የሚል የተደገመ ስም አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዜና የሚዘወተረው ርዕደ መሬት የሚለው አነጋገር ደግሞ መፍራትንና መንቀጥቀጥን በአንድነት ከሚያመለክተው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው። ፍርሃት፣ ብርድና የምድር መናወጥ በእነዚህ ቃላት ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው።

በዛሬው የምሕንድስና አሠራር ግን ሁለቱ መንቀጥቀጦች ተለያይተዋል። ቤትን ከመሬት መንቀጥቀጥ መጠበቅ የአንድ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ቤትን ከብርድና ከሙቀት መጠበቅ፣ ማገዶና መብራትን መቆጠብ የሌላ ባለሙያ ጉዳይ ነው። ደንቦቹ በተለያዩ ጥራዞች ይጻፋሉ፤ ወጪውም በተለያየ መዝገብ ይያዛል። ነባር ቤት ሲታደስ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ባለሙያ ግድግዳውን ከፍቶ ያጠናክራል፤ ሌላው ከዓመታት በኋላ መጥቶ ያንኑ ግድግዳ ዳግመኛ ከፍቶ ሙቀት እንዲይዝ ያደርጋል። ነዋሪው ሁለት ጊዜ ይፈናቀላል፤ ሁለት ጊዜም ይከፍላል።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ጥያቄ ታሪካዊ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ የቤት አሠራር ሁለቱ ጥበቃዎች በአንድ እጅ፣ በአንድ ሥራ ይፈጸሙ ነበር። ያ አንድነት መቼና በምን ምክንያት ተፈታ? የቤት ቃላት የዚህን ታሪክ ምልክት በግልጽ ይዘው ስለሚገኙ መንገዱን የሚመሩት እነርሱ ናቸው።

2. የማገር ቤት

የጭቃ ቤት የሚባለው ቤት ስሙን ያገኘው ከሚታየው ነገር ነው። ቤቱን የሚያቆመው ግን ጭቃ አይደለም፤ እንጨት ነው። ቋሚዎች በመሬት ውስጥ ይተከላሉ። በቋሚዎቹ ላይ ቀጫጭን እንጨት በአግድም ይታሰራል፤ እርሱም ማገር ነው። ማሰሪያው ከዛፍ ቅርፊት የሚላጠው ልጥ ነው። በመካከል ምሰሶ ይቆማል፤ ከምሰሶው ወደ ግድግዳው የሚወርዱት እንጨቶች ወጋግራ ይባላሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከጭድ ጋር የቦካው ጭቃ የሚመጣው። ጭቃው በማገሩ መካከል ተጠቅጥቆ ሲለጠፍ ሥራው መመረግ፣ ውጤቱም ምርጊት ይባላል።

የቃላቱ ባሕርይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ማገር የአንድ ዓይነት እንጨት ስም አይደለም። ያው እንጨት ቆሞ ቢተከል ቋሚ ይባላል፤ አግድም ቢታሰር ማገር ይባላል፤ ተዘቅዝቆ ጣራ ቢሸከም ወጋግራ ይባላል። ስሙን የሚሰጠው ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ጎጆ መቀለስ የሚለው አነጋገርም እንዲሁ ነው። ቀለሰ ማለት አጎበጠ፣ አጠፈ ማለት ነው፤ ቤት መሥራት እንጨትን ማጉበጥ መሆኑን ግሱ ይመሰክራል። አነጋገሩ ከዚያ አልፎ ትዳር መመሥረትን ለመግለጽ በቅቷል። ምሰሶና ማገርም ከቤት ወጥተው የቤተሰብና የአገር መደገፊያ የሆነ ሰው መጠሪያ ሆነዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ምሳሌም የሚያወድሰው የእያንዳንዱን ክር ጥንካሬ ሳይሆን መተባበሩን ነው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ይህ አሠራር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። በቤት ላይ የሚመጣው የመንቀጥቀጥ ኃይል ከቤቱ ክብደት ጋር ያድጋል፤ የሣር ክዳንና የእንጨት ግድግዳ ደግሞ ቀላል ናቸው። በልጥ የታሰረ መጋጠሚያ ጥቂት ይላወሳል፤ በመላወሱም ኃይሉን ያበርዳል። ጭቃው ቢሰነጠቅና ቢረግፍ እንኳ ቋሚውና ማገሩ ጣራውን ይዘው የመቆየት ዕድል አላቸው። ያው ጭቃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይሰጣል፤ በውስጡ ያለው ጭድ ስንጥቅን ይቀንሳል፣ አየርም አምቆ ስለሚይዝ ብርድን ያዘገያል። ወፍራም የሣር ክዳን ከላይ ሙቀትን ይይዛል። ስለዚህ መራጊው ግድግዳውን ሲመርግ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ አያስብም ነበር። አንድ ሥራ ነበር።

ይህ ማለት ግን የጭቃ ቤት እንከን የሌለው ነበር ማለት አይደለም። የሣር ክዳን እሳት ይፈራል። የቋሚው እግር በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። እግሩ የበሰበሰ ቤት ይዘማል፤ የዘመመ ቤት በባላ ይደገፋል። የቤቱ ጤና የሚጸናው በተከታታይ እንክብካቤ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የረገፈው ምርጊት ይሞላል፣ ግድግዳው በእበት ይለቀለቃል፣ የሣሳው ክዳን ይደገማል። ከባዱ ሥራ በደቦ ይፈጸማል። መልሶ መሥራት የቤቱ ዕድሜ አካል እንጂ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ ልዩ ክንውን አልነበረም።

ከትግራይ ህድሞ ጋር ማነጻጸር ነጥቡን ያጠራዋል። ህድሞ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በእንጨት ላይ የተነጠፈ የአፈር ጣራ አለው። ለደጋ ብርድና ለቀን ፀሐይ እጅግ ተስማሚ ነው። የአፈሩ ጣራ ክብደት ግን መሬት ሲናወጥ ሸክም ይሆናል። አንዱ ጥበቃ ሌላውን ሊቃረን እንደሚችል ህድሞ ያስተምራል፤ ሙቀት የሚይዝ ነገር ሁሉ ለመንቀጥቀጥ አይበጅም። ሁለቱን በአንድነት ማሰብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

3. ድንጋይን ያሰረ እንጨት

ማገር በጭቃ ቤት ብቻ አልተወሰነም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ አግድም የእንጨት ሠረገላዎችን በየደረጃው ያስገቡ ነበር። እነዚህን በወርዱ የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወደ ውጭ ይወጣል፤ እነርሱም የዝንጀሮ ራስ ተባሉ። እንጨቱ የግድግዳውን የውስጥና የውጭ ፊት አንድ ላይ ይይዛል፤ ስንጥቅ ከታች እስከ ላይ እንዳይሮጥም በየደረጃው ያቋርጠዋል። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት ይህ አሠራር ዛሬም ይታያል።

አሠራሩ ምን ያህል እንደተከበረ የሚያሳየው ወደ ድንጋይ መገልበጡ ነው። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረቡ ሲሆኑ በላያቸው የእንጨት ሠረገላና የዝንጀሮ ራስ ተቀርጾባቸዋል። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ከአለት ተፈልፍሎ ሳለ ግድግዳው በእንጨትና በድንጋይ የተነባበረ መስሎ ተቀርጿል። አለት ማገር አያስፈልገውም። ጠራቢው ማገር የሌለውን ግድግዳ እንደ ግድግዳ ለማየት የተቸገረ ይመስላል።

የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በ1940 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዛዊው የሕንፃ ባለሙያ በዴሬክ ማቲውስ መሪነት ታድሷል። ሥራው የተመሠረተው ነባሩን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በማጥናትና ያንኑ በመከተል ላይ ነበር። ነባርን ቤት በራሱ ቋንቋ ማደስ የሚቻል መሆኑን ያሳየ ቀደምት ምሳሌ ነው።

4. ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ፣ አርማታ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የቤት ቃላት በፍጥነት ተለወጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአገር በቀል እንጨት እጥረት ከተማይቱን ለመነቀል አስግቶ ነበር፤ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ አዳናት። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎም ይወጣል፤ ቋሚም ማገርም ሆነ። በልጥ ፈንታ ምስማር ገባ። በዚህ ደረጃ የማገር ቤት በአዲስ እንጨት ቀጠለ እንጂ አልተቋረጠም።

ዋናው ለውጥ ከላይ መጣ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የቆርቆሮ ማጓጓዣ ቀለለ፤ ሣር ክዳንም ከከተማ እየራቀ ሄደ። ቆርቆሮ እሳትን አይፈራም፤ ቀላል ስለሆነም መሬት ሲንቀጠቀጥ አይጎዳም። ነገር ግን ሙቀት አይይዝም። ቀን ፀሐይን ተቀብሎ ቤቱን ምድጃ ያደርጋል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ለሰማይ ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ኮርኒስ ገባ፤ አቅም ያለው በእንጨት፣ የሌለው በአቡጀዲ፣ በኋላም በማዳበሪያ ጆንያ ሠራው። ቀድሞ አንዱ ክዳን የፈጸመውን ሥራ አሁን ሁለት ነገሮች ተካፈሉት። የሁለቱ ጥበቃዎች መለያየት በቤት ውስጥ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ከዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ከነበሩት ጣልያናውያን ግንበኞች ጋር ሙሉ የቃል ቤተሰብ ወደ አማርኛ ገባ። አርማታ የመጣው የታጠቀ ሲሚንቶ ከሚለው የጣልያንኛ አጠራር ነው፤ ሲሚንቶ የሚለው ስም ቀርቶ የታጠቀ የሚለው ቅጽል ብቻውን ቆመ። ፌሮ ብረት ነው፤ ብሎኬት ትንሽ ግንድ ድንጋይ፣ ላሜራ የብረት ንጣፍ፣ ሶሌታ የወለል ንጣፍ፣ ሊሾ የለሰለሰ የሲሚንቶ ወለል ነው።

ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ የነገር ስሞች ናቸው፤ በገበያ የሚገዙ፣ የሚቆጠሩ፣ የሚመዘኑ ዕቃዎችን ይጠራሉ። ከማገርና ከወጋግራ የሚለዩትም በዚህ ነው። አንድ ቃል ግን የግንኙነት ስም ሆኖ ገብቷል፤ እርሱም ስታፋ ነው። ስታፋ የምሰሶውን ቋሚ ፌሮዎች በዙሪያቸው የሚያስር የታጠፈ ቀጭን ብረት ነው። የአርማታ ልጥ ቢባል ያምርበታል። መሬት ሲንቀጠቀጥ የአርማታ ምሰሶ ዕጣ የሚወሰነው በአመዛኙ በስታፋው ነው። በምሰሶው ጫፎች ስታፋው ተቀራርቦ ከታሰረ አርማታው ቢሰነጠቅም ውስጡ ተይዞ ይቆያል፤ ከተራራቀ ግን ቋሚ ፌሮው ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ምሰሶውም ይፈርሳል። ሲሚንቶው ከተፈሰሰ በኋላ ስታፋ አይታይም። ልጥ ለእጅና ለዓይን ቅርብ ነበር፤ ሲላላ ይታወቃል። የስታፋ መሳሳት ግን የሚገለጠው ወይ በመሣሪያ ምርመራ ነው፣ ወይ በአደጋ ቀን ነው።

5. ኖራና ሲሚንቶ፦ የጎንደር ትምህርት

ሲሚንቶ የብርታት ምልክት ሆኖ ሲገባ ነባር ቤትን በሲሚንቶ መጠገን ተፈጥሯዊ መሰለ። የጎንደር አብያተ መንግሥት ግን ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጀመሩት እነዚህ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣልያኖች ባደረጉት ጥገና ሲሚንቶና አርማታ በነባሩ ሥራ ላይ ተጨመረ። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ለግንቦቹ የማይስማማው የጥገና ቁስም ተወግዶ በኖራ ተተካ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ እርጥበትንም ያስወጣል። ሲሚንቶ ከነባሩ ግንብ ይልቅ ይደርቃል፣ እርጥበትንም በውስጥ ያፍናል። ጠንካራው ነገር በደካማው ላይ ሲለጠፍ የሚሰበረው ደካማው ነው።

ለግንብ የተነገረው ለጭቃ ቤት በብዙ እጥፍ ይሠራል። በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ነው። ቤቱ ከውጭ የግንብ ቤት ይመስላል፤ ከውስጥ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የቋሚዎቹን እግር ያበሰብሳል። ቀድሞ ቤቱ ሲታመም ይዘም ነበር፤ ምርጊቱም ይረግፍ ነበር፤ ሕመሙ ይታይ ነበር። የሲሚንቶው ልስን ሕመሙን ይሸፍናል። መሬት በተንቀጠቀጠ ቀን ነዋሪው የሚተማመንበት ግድግዳ እግር የሌለው ሆኖ ይገኛል። የታደሰ የሚመስል ቤት ካልታደሰው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

6. አዳሹ ማን ነው?

አደሰ ከሚለው ግስ አሳደሰ ይወጣል፤ ከጠገነ አስጠገነ፣ ከመረገ አስመረገ። የከተማ ሰው ስለ ቤቱ ሲናገር በብዛት የሚጠቀመው ይህን የአስደራጊ ቅርጽ ነው። ባለቤቱ ራሱ አይመርግም፤ ያስመርጋል። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የሚያሠራና የሚሠራ። የከተማ ቤት ታሪክ የሚያስገነዝበው አንድ ትልቅ ጥያቄ የሚያሠራው ማን ነው የሚለው ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበር ድሃው መጠለያ አገኘ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእድሳት አይበቃም ነበር። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይሰጋል፤ ለማደስ ቢፈልግም ፈቃድ ይጠይቃል። የቀበሌ ቤት የሚለው ስም ራሱ ባለቤትነትን ከነዋሪው አርቆ ያስቀምጣል። ለዘመናት በየዓመቱ ሲታደስ የኖረው የማገር ቤት ለአሥርት ዓመታት ሳይታደስ ቆመ። የደከመው ቤቱ ነው፤ የተወቀሰው ግን ጭቃው ነው። የጭቃ ቤት የሚለው ስያሜ የድህነት መጠሪያ ሆነ፤ መፍትሔውም ማደስ ሳይሆን ማፍረስ መሰለ።

7. መሬቱና መለኪያው

መሬቱ በበኩሉ አላረፈም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ የተነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ በግልጽ ተሰማ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው መንገድም ተጎዳ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ወደመች። እነዚህን ክስተቶች ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ጽሑፍ እየለቀመ ያሰባሰበው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነው። የአዲስ አበባን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የመሠረተው እርሱ ሲሆን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትሟል።

የግንባታ ደንቡ በተመሳሳይ ዘመን ተወለደ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ፤ በ1983፣ በ1995ና በ2015 ተተካ። በ1995ቱና በ2015ቱ መካከል ያለው ልዩነት ለነባር ሕንፃዎች ከባድ ትርጉም አለው። የ1995ቱ ደንብ የተሰላው በ100 ዓመት የድግግሞሽ ዘመን በሚጠበቅ መንቀጥቀጥ ላይ ነበር፤ የ2015ቱ ግን 475 ዓመትን ወሰደ። በዚህም ምክንያት ለአዲስ አበባ የተመደበው የመሬት ፍጥንጥን ከመሬት ስበት 0.05 እጅ ወደ 0.10 እጅ ከፍ አለ። በሌላ አነጋገር መለኪያው በእጥፍ አደገ። በቀድሞው ደንብ በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ሕንፃ አንድም ድንጋይ ሳይነቃነቅ በአዲሱ መለኪያ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ መሬቱ ያለው ዕውቀት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ ይህን ከወረቀት ወደ ሕይወት አመጣው። ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ ወረዳዎች ቤቶች ፈረሱ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀዬአቸው ተነሡ። በአዲስ አበባ ንዝረቱ በተለይ በፎቅ ነዋሪዎች ዘንድ ተሰማ። የከተማው ሰው እርስ በርሱ የተጠያየቀው ስለሚሠሩት ሕንፃዎች አልነበረም። ይህ የምንኖርበት ይችለዋል ወይ የሚል ነበር።

8. ስም ያጣው ሥራ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሥራ በአማርኛ የረጋ ስም የለውም። ጥገና አለ፤ ነገር ግን ጠገነ ስብራትን ያስቀድማል። ወጌሻ የሚጠግነው የተሰበረን አጥንት ነው፤ ያልተሰበረ አይጠገንም። እድሳት አለ፤ አደሰ ግን እርጅናን ያስቀድማል፤ በዕለት ንግግርም ቀለም መቀባትንና ኮርኒስ መለወጥን ያህል ይጠባል። ማጠናከር አለ፤ እርሱም ለቤት፣ ለድርጅትና ለወዳጅነት በእኩል ስለሚነገር ሥራውን ለይቶ አይጠራም። ሳይሰበርና ሳያረጅ፣ ገና በደህናው ቀን ቆሞ ያለውን ቤት ለሚመጣው መንቀጥቀጥ ማዘጋጀት ከሦስቱም ቃላት መካከል ሾልኮ ይወድቃል።

ስም ማጣት ውጤት አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነባር ሕንፃን ማሻሻልን በግንባታ ትርጉም ውስጥ አካትቷል፤ ይህም ማሻሻያው በፈቃድና በቁጥጥር ሥር እንዲውል ይረዳል። ሆኖም ነዋሪው ቤቴን አሳደስኩ ሲል የሚያስበው ይህን አይደለም፤ አናጢውና ግንበኛውም ዋጋ የሚናገሩበት የሥራ ስም የላቸውም። ስም የሌለው ሥራ በውል አይጻፍም፣ በበጀት አይያዝም፣ በሙያ ትምህርት ቤትም አይሰጥም።

ሥራው ራሱ ግን በነባሩ ቃላት ሊነገር የሚችል ነው። ለጭቃ ቤት የበሰበሰው የቋሚ እግር ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ይተካል። ማዕዘኖቹ በሰያፍ እንጨት ይያያዛሉ። በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚዞር ማገር ይታሰራል፤ ጣራውም ከእርሱ ጋር በብረት ይያያዛል። የሲሚንቶው ልስን ተልጦ በጭድ ጭቃና በኖራ ይተካል። በቆርቆሮው ሥር ቀላል ኮርኒስ ሆኖ በላዩ አየር የሚያምቅ ቀላል ነገር ይነጠፋል፤ ክብደት ግን አይጨመርም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ግድግዳው የሚከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ለአርማታና ለብሎኬት ሕንፃም አስተሳሰቡ አንድ ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ አልባ የሆነ ፎቅ እግሩ እንደበሰበሰ ቋሚ ነው፤ ላይኛው ክፍል ጠንካራ፣ ታችኛው ልል ስለሆነ መንቀጥቀጡ በታችኛው ምሰሶዎች ላይ ይከማቻል። ምሰሶዎቹ ተጨማሪ ስታፋና አርማታ ለብሰው ይጠናከራሉ፤ የብሎኬት ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ከምሰሶና ከሶሌታ ጋር ይያያዛል። ክፍት ባዶ ያለው ብሎኬት ብርድን በደንብ ስለማይከለክል ግድግዳው በሚያያዝበት ጊዜ ሙቀት የሚይዝ ልባስ ቢታከልበት ሁለቱ ጥበቃዎች ዳግመኛ ይገናኛሉ።

ማፍረስ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ይደበቃል። ሲሚንቶ የሚወለደው የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ሲጋገር ነው፤ ከድንጋዩም ከነዳጁም የካርቦን ጋዝ ይወጣል። ቆሞ ባለ ቤት ውስጥ ይህ እሳት አስቀድሞ ተከፍሏል። በእንጨትና በጭቃ ቤት ውስጥ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነደደም። ከቤቱ ጋር የሚፈርሰውም ቤቱ ብቻ አይደለም፤ ዕድሩ፣ ዕቁቡና ጉርብትናው ይበተናሉ። ሰፈርን የሚያስረው ማገር ይህ ነውና።

9. ሐ፣ ደ፣ ሰ

ሐዲስ የሚለው የግዕዝ ቅጽል በአማርኛ አዲስ ሆኗል። ከዚያው ሥር አደሰ፣ ታደሰ፣ እድሳት ይወጣሉ። ፀሐይና ነፋስ የሚሰጡት ኃይል ታዳሽ ኃይል መባሉም ከዚሁ ሥር ነው። ታዳሽ ማለት በራሱ የሚታደስ ነው። ቤት ግን ታዳሽ አይደለም፤ አዳሽ ይፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን ሰብሳቢ በጣራው ላይ የተተከለለት፣ ግድግዳው ግን ያልታሰረ ቤት፣ ታዳሽ ኃይል አለው፤ እድሳት ግን የለውም።

የዋና ከተማይቱ ስምም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። አዲስ የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት ያልነበረ ብሎ መፍታት ይቻላል፤ ያን ጊዜ አሮጌው መነሣት አለበት። ሥሩ ግን ሁለተኛ ፍቺ ይዟል፤ የነበረውን እንደገና አዲስ ማድረግ። የማገር ቤት ሰዎች ክረምት በወጣ ቁጥር ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነበር። የአካባቢው ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ሲዘጋጁ ማገር፣ ልጥ፣ ወጋግራና ምርጊት የጥንት ዕቃ ስሞች ተብለው ብቻ ቢመዘገቡ የሚጠፋው ቃል ብቻ አይሆንም፤ ቤት የሚቆመው በመታሰር ነው የሚለው ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። አናጢው፣ መሐንዲሱና ነዋሪው ስለ አንድ ግድግዳ ሲነጋገሩ በአንድ ቃል መግባባት ይኖርባቸዋል። ያን ቃል አጥርቶ ማቅረብ የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ነው፤ መሬቱም እስኪጠራ ድረስ አይጠብቅም።